የአውሮፕላኑ ሰው በአማቶቹ ደጅ

ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ሰቆጣ

ሦስት ሰዎችና አንዲት በቅሎ ሆነን ከሰቆጣ ወጣን። ከፊት በቅሎዋን የሚስበው አያ መንገሻ ነው፤ የዝቋላ ሰው ሲሆን ከቆላ ማር እያመጣ ሰቆጣ ይሸጣል። መካከል ላይ ሃምሳ አለቃ ታደለ አሉ። እኔ ከኋላ ነኝ። በቅሎዋ ላይ ማንም አልተቀመጠም። የተከራየናት ለመልሱ መንገድ ነው፤ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ትርፌና ሁለቱ ልጆቻቸው አብረውን ከተመለሱ እንዲቀመጡባት። «ከተመለሱ» የምትለውን ቃል ግን ከሦስታችን አንዳችንም ጮክ ብለን አልተናገርናትም።

አንባቢ እንዳይደናገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሃምሳ አለቃ ታደለ በሰቆጣ የናፍጣ ወፍጮ የሚጠግኑ መካኒክ ናቸው። ከዚያ በፊት በአየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ጦር መሣሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ኮንጎም ዘምተዋል። ትርፌን ሲያገቡ ግን «የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበርኩ» ብለው ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም። ባለፈው ወር ቤታቸው የማኅበር ድግስ ላይ ተጠርቼ፣ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ያሳዩኝን፣ ከአውሮፕላን ጎን ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ አስታውሼ፣ ለእንግዳው ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። አውሮፕላን በምን ኃይል እንደሚነሣ፣ መትረየሱ የት እንደሚገጠም፣ ሃምሳ አለቃ ጥይቱን እንዴት ይሞሉት እንደነበር ዘረዘርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። በጥሞና የሚያዳምጡኝ መስሎኝ ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ትርፌ ልጆቿን ይዛ ዝቋላ አባቷ ቤት ወረደች። ሃምሳ አለቃው ትምህርት ቤት ድረስ መጡና፣ «የተናገርከው አንተ ነህ፤ ሽማግሌ ሆነህ የምትሄደውም አንተ ነህ» አሉኝ። ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው። ስሞቹን ግን ለውጫለሁ።

አያ መንገሻ በጎሕ ብርሃን ፊቴን አየት አድርጎ፣ «ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ። ጢም ያላበቀለ ሽማግሌ ግን ዛሬ ነው ያየሁት» አለ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም።

ማክሰኞ፣ ቀትር፤ ቁልቁለቱ

ደጋው ከኋላችን ቀረ። መንገዱ የፍየል መንገድ ነው፤ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፣ ግራና ቀኙ ቁልቋልና ግራር ነው፣ ከታች ደግሞ ማሽላው ቀልቶ ቆሟል። ማማ ላይ የወጡ ሴቶች ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ያባርራሉ። ፍየል እየነዱ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ሲያገኙን ከአያ መንገሻ ጋር በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ይነጋገሩና ሃምሳ አለቃውን በዓይናቸው ይለኳቸዋል።

«ምን አሉህ?» ይላሉ ሃምሳ አለቃ በየጊዜው።

«ሰላምታ ነው።»

«ይህን ያህል ረጅም ሰላምታ?»

«የእኛ አገር ሰላምታ የከብቱንም ጤና ይጠይቃል» ይላል አያ መንገሻ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ከአንድ ምንጭ አጠገብ ቂጣችንን በበርበሬ በላን። ሃምሳ አለቃ እግራቸውን ሊታጠቡ ራቅ ሲሉ አያ መንገሻ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አስተማሪ፣ ይህን ጋቢህን አውልቀህ ጫነው። የሃምሳ አለቃውንም ተቀበለው።»

ገረመኝ። ለሽምግልና የሚሄድ ሰው የታጠበ ነጭ ልብስ እንዲለብስ የታወቀ ነው፤ ሁለታችንም ጋቢያችንን በእንዶድ አሳጥበን ነበር የመጣነው። ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«እመይ ብርቄ ከሩቅ ነጭ ነገር ሲመጣ ካየች ቤት ትገባለች። ከገባች አትወጣም።»

እመይ ብርቄ የትርፌ እናት ናቸው። አያ መንገሻ ታሪኩን በአጭሩ ነገረኝ። በጠላት ጊዜ እመይ ብርቄ ወንዝ ወርደው የቤቱን ነጭ ልብስ ሁሉ አጥበው ድንጋይ ላይ አሰጡ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው እዚያው ይዋኙ ነበር። አውሮፕላን መጣ። በመትረየስ ሁለቱንም ገደላቸው። ትርፌ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን በዚያ ቤት ልብስ የሚሰጣው ከሾላ ዛፍ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነው።

ጋቢዬን አወለቅሁ። በእነዚህ ሰዎች ልጅ ቤት ቆሜ ስለ መትረየስ ያስረዳሁትን ንግግር ቃል በቃል አስታወስኩት። ሃምሳ አለቃ ከምንጩ ሲመለሱ ጋቢያቸውን ያለ አንድ ጥያቄ ለአያ መንገሻ ሰጡት። ታሪኩን ያውቁ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጸሐይ ስትጠልቅ፤ የአያ መንገሻ አክስት ቤት

የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን። ሃምሳ አለቃ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። እኔ ነገርን በሥርዓት ማስቀመጥ ስለምወድ፣ ነገ የሚናገሩትን በወረቀት አዘጋጅቼላቸው ነበር። አንደኛ፣ ሃምሳ አለቃ አብራሪ አልነበሩም። ሁለተኛ፣ በገዛ እጃቸው አልተኮሱም። ሦስተኛ፣ ዝቋላን የመታው የጠላት አውሮፕላን ነው እንጂ የእኛ አይደለም።

ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው አነበቡና መለሱልኝ።

«ሁሉም እውነት ነው» አሉ።

«እንግዲያው ይበቃል።»

«አይበቃም። ‹ጥይቱን ማን ሞላው?› ብላ ብትጠይቀኝስ?»

«ማን? እናትየዋ?»

«ትርፌ።»

ረቡዕ፣ ረፋድ፤ የአቶ ኪሮስ ደጅ

ቤቱ ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው። የድንጋይ አጥር፣ የፍየል በረት፣ ከበሩ ፊት የተነጠፈ ቁርበት። የትርፌ አባት አቶ ኪሮስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። እኛ ከአጥሩ በር ላይ ቆምን። ሽማግሌ «ግቡ» እስኪባል ይቆማል።

የስድስት ዓመቷ ሰናይት አባቷን አይታ እየሮጠች መጣች። ከቤት ውስጥ ስሟ ተጠራ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ አንዴ ወደ አባቷ፣ አንዴ ወደ ቤቱ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች። ሃምሳ አለቃ የዘረጉትን እጅ ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ደኅና። ልጄን የሰጠሁት ለሹፌር ነበር» አሉ አቶ ኪሮስ። «ሹፌሩ የታለ? ከኋላ ቀረ እንዴ?»

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አባቴ፣ ነገሩ በሦስት ይከፈላል...» ብዬ ጀመርኩ።

«አስተማሪው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«አንተ ተናግረህ ጨርሰሃል። ከእንግዲህ ስማ።»

ያን ጊዜ እመይ ብርቄ ወጡ። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ጭስ የመሰለ ኩታ የለበሱ ሴት ናቸው። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ትርፌ ትንሹን ልጅ አዝላ ከኋላቸው ቆመች፤ ባሏን አላየቻቸውም። እመይ ብርቄ መጀመሪያ ለባላቸው በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ ኪሮስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ተይው፣ ብርቄ፣ ተይው» አሉ በአማርኛ። እሳቸው ግን አልተዉትም፤ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ሰማይ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ እመይ። ኮንጎ ስንሄድና ስንመለስ በጭነት አውሮፕላን ነበር።»

«ታች ምን ይታያል?»

«ወንዝ ይታያል። መንገድም።»

«ወንዝ ዳር የተሰጣ ልብስ ይታያል?»

አቶ ኪሮስ ሃምሳ አለቃውን ትክ ብለው አዩአቸው፤ ምን በል እንደሚሏቸው ለእኔም ገባኝ። እመይ ብርቄ ቀጠሉ፤

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹አይታይም› ይሉኛል። ይህ ባሌም ብሎኛል። ቄሱም ብለውኛል። አንዳቸውም ግን ላይ አልወጡም። አንተ ወጥተሃል። ልጆቼን ያስገደለው የእኔ ልብስ ነው?»

እውነቱን ልናገር፤ በልቤ «አይታይም በሉ» እያልኩ እለምናቸው ነበር። አንዲት ቃል ናት። ከተናገሯት ሚስታቸውን ይዘን እንመለሳለን። ሃምሳ አለቃ ከአማታቸው ፊት መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«ይታያል፣ እመይ። ነጭ ከሆነ ከሰው በፊት የሚታየው እሱ ነው።»

አቶ ኪሮስ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «ውጣ! ከደጄ ውጣ!»

ሃምሳ አለቃ አልተነሡም። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል፤ ቃላቸው ግን አልተቆራረጠም።

«ልብሱ የሚያሳየው ሰው መኖሩን ነው። የሚያጥብ ሰው፣ ልጆች ያሉት ሰው። ያ አብራሪ ይህን አይቶ፣ ገብቶት ነው የተኮሰው። ለታጠበ ልብስ ማንም ጥይት አያባክንም። ያደረገው እሱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። እኔም ሥራዬን ልንገርዎ። አውሮፕላኑን ጥይት ሞልቼ እሰድደው ነበር፤ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ እሞላው ነበር። የት እንደተራገፈ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የእርስዎን ልጅ ሳገባ ታሪኩን ሰማሁ፤ ፈራሁ፤ ሹፌር ነኝ አልኩ።»

እመይ ብርቄ ተነሥተው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጥን። ውኃ እንኳ አልወጣልንም። አያ መንገሻ በቅሎዋን ሁለት ጊዜ ጫናት፣ ሁለት ጊዜ አራገፋት። «ምናለ ትንሽ ቢዋሽ?» አለኝ በጆሮዬ። ወደ ማታ አቶ ኪሮስ መጥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ጅብ አለ። በረት ውስጥ እደሩ» አሉን።

ሐሙስ፣ ማለዳ

ከፍየሎቹ ጋር ነቃን። እመይ ብርቄ በቅል ወተት ይዘው በረቱ በር ላይ ቆመዋል። በእኔና በአያ መንገሻ አጠገብ አልፈው ለሃምሳ አለቃ ሰጡ።

«አውቀው ነበር» አሉ። «እንደሚታይ አውቅ ነበር። ሁሉም ሲዋሹኝ ግን ብቻዬን ያበድሁ ይመስለኝ ነበር። ጠጣ።»

ሃምሳ አለቃ ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው መጠጣት አቃታቸው። ወተቱ ጋቢ በሌለው ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

አቶ ኪሮስ ከሩቅ ሆነው፣ «እኔ ልጄን ሂጂም ቅሪም አልላትም» ብለው ወደ ማሽላቸው ሄዱ።

ትርፌ ልጇን አዝላ፣ ሰናይትን በእጇ ይዛ መጣች። በባሏ ፊት ቆመች።

«ከእናቴ ጋር ጨርሰሃል» አለች። «ከእኔ ጋር ግን ገና አልጀመርክም። እሄዳለሁ። የምሄደው ስለታረቅሁህ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ያልጠየቅሁህን ልጠይቅህ ነው።»

«ጠይቂኝ።»

«መንገድ ላይ።»

ዓርብ፣ ወደ ማታ፤ ሰቆጣ መግቢያ

ዳገቱን ሁለት ቀን ወጣነው። ልጆቹ በቅሎዋ ላይ ናቸው፤ ትርፌ መቀመጥ አልፈለገችም። ከባሏ ጎን ትሄዳለች፣ ትጠይቃለች። አንዳንድ ጊዜ ትቀድማቸዋለች፤ አንዴ ደግሞ መንገድ ዳር ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ብዙ ቆየች። ሃምሳ አለቃ አጠገቧ ቆመው ጠበቋት። እኔና አያ መንገሻ ድምፅ እስከማይሰማበት ድረስ ወደ ኋላ ቀረን። ምን እንደተባባሉ ስለማላውቅ አልጻፍኩትም።

የሰቆጣ ባሕር ዛፎች ብቅ ሲሉ ግን መንገዱ ጠበበና ሁላችንም ተጠጋጋን። ሰናይት ከኮርቻው ላይ ጎንበስ ብላ፣

«አባዬ፣ አንተ የአውሮፕላን ሰው ነህ?» አለቻቸው።

ሃምሳ አለቃ ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘግተው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። በዚያ ፊት ላይ ረቡዕ ረፋድ ያየሁት ላብ ተመልሶ መጣ።

ትርፌ በቅሎዋን ከአያ መንገሻ እጅ ተቀብላ ልጓሟን ያዘች።

«ንገራት» አለች።