ኮረሪማ የሚሸት የጃፓን ካርቶን

በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አምስተኛ ክፍል ልገባ ነበር፤ በዕድሜዬ አትሳቁ፣ ያኔ ሶዶ ውስጥ ጢም ያወጣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሞልቶ ነበር። ትምህርቱንም ከዚያ ብዙ አልገፋሁበትም። ከቆጠርኩት ፊደል የቀየርኩት ጎማ ይበልጣል። እንግዲህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ የእኔ ዘመን ልጆች ታገሡኝ፤ የማወራውን ነገር ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ገበያው ተከፍቶ ነበር። ድሮ ለአንዲት ካንዴላ ሰው አዲስ አበባ ይላክ ነበር፤ እስኪመለስም መኪናዋ ደጅ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባታል። በኋላ ግን የመለዋወጫ ሱቅ እንደ ሻይ ቤት በዛ። ጃፓን፣ ጀርመን፣ ታይዋን፣ ህንድ፣ ቻይና፤ እኛ ልጆች እነዚህን አገሮች በካርታ ሳይሆን በመኪና ዕቃ ነው ያወቅናቸው። ትልልቆቹ "ያገለገለ ጃፓን ከአዲስ ቻይና ይሻላል" ሲሉ እንሰማለን። ከሽቦ መኪና ሠርተን፣ ከአሮጌ በረባሶ ጎማ ቆርጠንለት ቁልቁል ስንነዳ "የእኔ ጃፓን ነው! ያንተ ቻይና ነው!" እየተባባልን እንደባደብ ነበር። ስለ ደግ ሰው እንኳ ስናወራ "እሱማ ጃፓን ነው" ነበር የምንለው።

አባቴ ቶራ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። በገበያ ቀን ነጋዴ ሴቶችን ከነጨውና ከነሳሙናቸው ጭኖ በአረካ አድርጎ ቦምቤ ይወርዳል፤ ማታ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ዶሮ አንጠልጥለው ይመለሳሉ። ከወረዱ በኋላ የመኪናዋ ሆድ ቅቤ፣ አቧራና ቤንዚን አንድ ላይ ይሸታል። እኔ እዚያ ላይ ተጋድሜ ሰማይ ማየት እወድ ነበር። የሚያመጣውም ገቢ እኛን ሰባት ልጆች ያበላል፤ ሌላ ነገር አልነበረንም።

ጋሽ አንጁሎ ደግሞ የአባቴ ነፍስ ነበር። አብረው አድገዋል፣ አንድ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፣ በየዓመቱም ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን ማለቴ ነው፣ አንድ በሬ ገዝተው ይካፈላሉ። በሬ አብሮህ የሚያርድ ሰው በእኛ አገር ከዘመድ ይቆጠራል። ይህ ሰው ገበያው ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ሲከፍት ከልጆቹ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ሱቁ አዲስ ጎማ፣ ግሪስና ወረቀት ይሸታል። በዘይት ቆርቆሮ ላይ ያስቀምጠኝና ከረሜላ ሰጥቶ ብረቱን ያሳየኛል። "ና ልጄ፣ ይህቺን መንጠቆ የምትመስለውን ፊደል አየሃት? ከፊት መንጠቆ ካለች ጃፓን ነው። መንጠቆ ከሌለች እጅህን አንሳ!" ይለኛል። ከፈረንጅ ፊደል መጀመሪያ የለየሁት እሷን ነው። አስተማሪዎቼ በአለንጋ ያላስገቡልኝን እሱ በከረሜላ አስገባልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያዝዘኝ ነበር፤ "የጃፓን ዕቃ ካርቶን ስታገኝ እንዳትጥል፣ አምጣልኝ።" በየጋራዡ እየዞርኩ መካኒኮቹ የወረወሩትን አነሳለሁ። የተጨማደደውን በመዳፌ አቃናለሁ፣ ግሪሱን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ለምን እንደሚፈልገው ጠይቄው "መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ያምራል፤ ሱቅ ባዶ ከመሰለ ደንበኛ ይሸሻል" አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነውም?

አንድ ሰሞን ካርቶን ጠፋ። ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩ። እናቴ ከምድጃው በላይ ኮረሪማዋን የምታስቀምጥበት ካርቶን ነበራት፤ አባቴ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያመጣው የጃፓን ፍሬን ሸራ ካርቶን ነው። ኮረሪማውን ቅል ውስጥ ገለበጥኩና ካርቶኑን ይዤ በረርኩ። አንዱ ጥጉ በጭስ ጠቁሯል፣ ጋሽ አንጁሎ ግን አገላብጦ አይቶት "ይህ እንኳ ንጹሕ ነው" ብሎ ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ። እናቴ ማታ "ኮረሪማዬን ማነው እንዲህ የደፋው? ለዳጣ በርበሬዬ ብዬ ያስቀመጥኩትን!" እያለች ቤቱን አተራመሰችው። እኔ ተኝቻለሁ።

ከዚያ ጊፋታ ተቃረበ። ከጊፋታ በፊት ያለው ገበያ የዓመቱ ገበያ ነው፤ ቅቤ የማይገዛ የለም፣ ባለመኪናም ያን ሰሞን ካልሠራ አይሠራም። የአባቴ ፍሬን ግን ደክሞ ነበር። ከጋሽ አንጁሎ የፍሬን ሸራ ገዛና እንደ ልማዱ ራሱ ሊገጥም ጎማውን ግቢ ውስጥ ፈታው። አንዱን ጎን ጨርሶ የሌላውን ጎን ሸራ ከካርቶኑ አወጣና ባዶውን ለእኔ ሰጠኝ። "ሂድ ለአንጁሎ አድርስለት፤ ደስ ይለዋል።"

የአዲስ ካርቶን ሽታ ስለምወድ እንደያዝኩት አፍንጫዬ ላይ ደቀንኩት። ኮረሪማ ሸተተኝ።

ገለበጥኩት። ጥጉ በጭስ ጠቁሯል። ላዩ ላይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ፕላስተር ተለጥፎበታል። እናቴ በጓሮ በኩል ስትመጣ "እማዬ፣ ይህን እስቲ አሽቺው" አልኳት።

አሸተተችው። መጀመሪያ ሳቀች። "ኮረሪማዬ ጃፓን ደርሶ መጣ? እኔ እንኳ አረካን አልፌ አላውቅ!" ወዲያው ሳቋ ቀጥ አለ። "ቶራ፣ ይህ የእኔ ካርቶን ነው።"

"ካርቶን ሁሉ ይመሳሰላል" አለ አባቴ ቀና ሳይል።

"ካርቶን ሁሉ ኮረሪማ ይሸታል?"

አባቴ በእጁ የያዘውን ሸራ ገለበጠው። የብረቱ ጀርባ ላይ ፊደል መኖር በሚገባው ቦታ በሞረድ የተፋቀ ነጭ ነገር ነበር። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። "አባባ፣ መንጠቆዋ የለችም" አልኩት። "ዝም በል" አለኝ። ሸራውን ገጠመ፣ ጎማውን አሰረ፣ እጁን ታጠበ፤ ከዚያ "ና" ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄድን።

ጋሽ አንጁሎ ገና ሲያየን "ኦሆ፣ ቶራ ከነልጁ! ምነው፣ በሬው ጠፋ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። አባቴ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አኖረው። "አንጁሎ፣ ይህ ካርቶን ከቤታችን የወጣ ነው ይላሉ።"

"ታዲያስ! ልጅህ አይደል ያመጣልኝ? የዕቃው ካርቶን ዝናብ ገብቶበት ረጠበብኝ፣ በዚህ ከተትኩት። ዕቃው ጃፓን ነው። ጊፋታ ደጃችን ቆሞ እኔ አንተን እዋሻለሁ?"

"ጋሽዬ፣ መንጠቆዋ ተፍቃለች" አልኩ።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ያ ከረሜላ የሚሰጠኝ ፊት የት እንደገባ እንጃ። ለአባቴ እንጂ ለእኔ አልመለሰም። "ቶራ፣ ይህን ልጅ ስለምወደው ነው ዝም ያልኩት። ካርቶኑን የሚያመጣው ከየጋራዡ እየሰረቀ ነው። ሰዎቹ ሲያማርሩ የሸፈንኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ እኔኑ ሌባ ሊያደርገኝ መጣ።"

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ ሾፌር ነኝ። እንደዚያ ቀን ግን አልተመታሁም። "ጋሽ" ማለቱን ረሳሁት። "አንጁሎ! አምጣ ያልከኝ አንተ ነህ!" ብዬ ጮኽኩ። የአባቴ ጥፊ ጆሮ ግንዴ ላይ ያረፈው ገና ሳልጨርስ ነው።

"ይቅርታ ጠይቅ! ጉልበቱን ሳም!"

"አልስምም።"

"ጊፋታን ቂም ይዞ የሚሻገር የለም፤ ሳም!"

"አልስምም።"

ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ "ኧረ ተዉት፣ ይህስ ልጅ አይደለም፣ ዐለት ነው!" አለች። አባቴ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ ጋሽ አንጁሎ ከኋላችን "ተወው ቶራ፣ ልጅ ነው፣ ይበስላል" አለ፤ ድምፁ እንደ ዱሮው ለስላሳ ነበር። ከስርቆቱ ስም ይልቅ ያ ልስላሴ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ ጠየቀች። "ዕቃው ጃፓን ነው፣ አለቀ። ነገ ቦምቤ እወርዳለሁ" አላት።

የዚያን ዓመት በሬም እንደ ወትሮው አብረው አረዱ። ሽማግሌዎች መረቁ፣ ሥጋው ከነዳጣው ቀረበ፣ እኔ አልቀመስኩም። ካርቶንም ዳግመኛ አላነሳሁም።

አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፤ በሰፈሩ ልጆች "አባባ" እባላለሁ፣ ለዕርቅም እጠራለሁ። ዕቃ ልገዛ ስሄድ ሻጩ ወጣት "ኦሪጅናል ይሁን፣ አንደኛ ኮፒ ወይስ ተራው?" ይለኛል። ጓደኞቼ በዚህ ያዝናሉ፤ "ድሮ ሰው በቃሉ ነበር" ይላሉ። እኔ አላዝንም። ይህኛው ቢያንስ ይጠይቀኛል። ለብዙ ዓመት ቻይናን ስሰድብ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ቻይና ምን አደረገችኝ? ያንን ብረት በሞረድ የፋቀው የሶዶ ሰው ነው። ግን ደግሞ ልንገራችሁ፣ አዲስ ካርቶን ሲከፈት ያቺ ሽታ ስትመጣ አሁንም ደስ ይለኛል። በዘይት ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠው ልጅ ምንም አላጠፋም። እሱን እናፍቀዋለሁ፤ የነገሩትን ሁሉ ስላመነ።

ያን ጥፊ በቀመስኩ ማግሥት ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉሙን እስከ ወገቡ ለብሶ ነበር። ሴቶቹ ከነጨው ከረጢታቸው ከኋላ ተጭነዋል፣ ሞተሩ ተነስቷል። ከቤት ወጥቼ የፊቱን በር ከፈትኩና ጋቢና የተቀመጠችውን ሴት "እስቲ ጠጋ በይልኝ" ብዬ ከአባቴ አጠገብ ገባሁ።

"ምን ልትሠራ ነው? ውረድ።"

"ቦምቤ እሄዳለሁ።"

"ውረድ አልኩህ!"

"ዕቃው ጃፓን ነው አላልክም? ጃፓን ከሆነ ምን እሆናለሁ?"

ከኋላ አንዷ "ቶራ፣ ይሂድ ልጁ፣ ምን ጎደለብህ? ገበያው አለፈን!" አለች። አባቴ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። መንገዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መንገዱን አየ። ከዚያ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። "ዛሬ መኪናዋ አትሄድም፤ ውረዱ" አላቸው፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

ያኔ ገባኝ። ከትናንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ራሱንና እነዚያን ሴቶች ይዞ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነበር፤ እኔን ይዞ ግን አልቻለም።  ወርጄ የሴቶቹን ጨው ማውረድ ጀመርኩ።