ሙሉ ደቂቃ የቆጠረችው ፌንጣ

ድሮ ነው፤ ካውያ ገና የክንድ ጉልበት በሚጠይቅበት ዘመን። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠላሳ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ አንድ እንኳ ያላቃጠለች እናት ነበረች። ልጇን ሰፈሩ “ፌንጣ” ይላታል። ቁጭ ማለት አይሆንላትም፤ ነገርም በሆዷ አያድርም። ይቺው ፌንጣ ነርስ ልሁን ብላ ትምህርት ቤት ስትገባ ጎረቤት ሳቀ። መርፌውን ወግታ ሳትነቅለው ትሮጣለች ያሉም ነበሩ።

አስተማሪዋ ሲስተርም ከጎረቤት አልተሻሉም። እናትየውን ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ ልጅቱ ጭንቅላት አላት፣ ግን ትከራከራለች፤ ነርስነት የረጋ ሰው ይፈልጋል፤ በዚህ ሳምንት ልምምድ ካልተስተካከለች አሰናብታታለሁ አሏት። እናት ለልጇ ትንፍሽ አላለችም። ብትነግራት ሄዳ ልትከራከር አይደል?

የልምምዱ ቀን እናት የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ ዋርድ ስትገባ፣ ተማሪዎቹ ተራ በተራ የአንድ ሽማግሌ በሽተኛ የልብ ትርታ ይቆጥራሉ። ደንቡ የእጅ አንጓ ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ተማሪ ግን መቼም ተማሪ ነው፤ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ያባዛል። እንደ ኩሬ ውሃ ረግታለች የምትባለው ጎበዟ ሳትቀር እንዲያ አድርጋ ጻፈች።

ፌንጣ የሽማግሌውን እጅ ስትይዝ ድንጋይ ሆነች። ደቂቃው ሞላ። እንደገና ጀመረች። ጓደኞቿ ይጠቃቀሱ ጀመር። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ።

“ጓደኛሽ ሰባ ሁለት ብላ ጽፋለች። አንቺን ምን ያቆይሻል?”

“እሷ ስላለች ለምን አምናለሁ፣ ሲስተር? የአባባ ልብ መሃል መሃል ላይ ትርታ ይዘላል። አልጨረስኩም።”

እናት አንሶላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ተከራከረች፤ አበቃላት፣ አለች በሆዷ።

ሲስተር ግን አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው የሽማግሌውን እጅ ያዙና ደቂቃው እስኪሞላ ቆጠሩ። ከዚያ ሐኪም አስጠሩ። ሽማግሌው፣ እኔስ ልጅቷ እጄን ወዳው መስሎኝ ነበር ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ሲስተር ሲወጡ እናትየው አጠገብ ቆም አሉ።

“ትዕግስት ከዝምተኛ ብቻ የሚገኝ ይመስለኝ ነበር፣ እህቴ። የልጅሽ ከእልኳ ነው የሚወጣው። ትቆያለች።”

እናት ወደ ካውያዋ ተመለሰች። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያ ከሰዓት፣ አንድ አንሶላ አቃጠለች። አልደበቀችውም። ዘርግታ ለባልደረቦቿ እያሳየች፣ ማን አቃጠለው ሲሏችሁ የፌንጣ እናት በሉ አለቻቸው።