ነነዌን የጾመው እንሽላሊት

ሥራ የማይሠራ እንስሳ ቤት አይገባም የሚል ሕግ ነበረኝ። ውሻ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ከዚህ ውጭ ያለው ደጅ ይደር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረሰችው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ መስታወት እቆርጣለሁ፤ የመስኮት፣ የሥዕል፣ የሠርግ ፎቶ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ጣቴን እየቆረጥኩ ለመድኩት። ማንበብም የተማርኩት መስታወት ተጠቅልሎበት ከሚመጣው አሮጌ ጋዜጣ ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ልጆች ነገር ሁሉ ሲቀልላቸው ሲያይ ደስ አይለውም። እኔም አይለኝም ነበር።

ከሱቄ ቀጥሎ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አለ። ሙስሊም ነው፤ ቤተሰቡ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በዚህች ከተማ ሲነግድ የኖረ። ሰሊጡ ከመተማ ቆላ በአይከል በኩል በጭነት መኪና ይመጣለታል። በጥር ወር አንድ ጠዋት ጆንያ ሲራገፍ ተሸካሚዎቹ ድንገት እየጮሁ ተበተኑ። ልጄ ቅዳሜ ስለነበር ሱቄ ደጃፍ ተቀምጣለች፤ እነሱ ሲሸሹ እሷ ቀረበች። ከጆንያዎቹ መሀል የወጣው መዳፍ የሚያህል እንሽላሊት ነው። ቢጫ ገላው ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ፈሶበታል፤ ጅራቱ እንደ ቃሪያ ወፍሯል።

"ግደሉት! መርዝ ነው!" አለ አንዱ ተሸካሚ፣ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ።

"ኩንታል የምትሸከም ሰውዬ ከዚህ ትሸሻለህ?" አለው ነጋዴው። እሱም ቢሆን ከሱቁ ደፍ አልወረደም።

ልጄ የምሳ ዕቃዬን አንስታ ደፋችበት። "አባባ፣ በርዶታል" አለችኝ። እውነትም ቆላ የለመደው ፍጥረት በእኛ ጥር ደንዝዞ መሮጥ አቅቶት ነበር።

"እስኪሞቀው ብቻ ነው" አልኩ። "መኪናው ወደ መተማ ሲመለስ አብሮ ይሄዳል።"

መኪናው ሄደ፤ እንሽላሊቱ ቀረ። ስም እናውጣለት ብትለኝ ስም የሚወጣው ለክርስቲያን ነው አልኳት። "የጎረቤታችን ውሻስ?" አለች። "እሱ ይጠብቃል" አልኩ። ስለዚህ ስም ሳይወጣለት 'እንግዳው' ተብሎ ቀረ። እናቷ ጭራሽ ልታየው አልፈለገችም፤ እሱ ያለበት ክፍል ስትገባ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትስብ ነበር።

አንድ ነገር ከተሠራ በደንብ ይሠራ ብዬ ስለማምን ከተረፈ የመስኮት መስታወት ሣጥን ቆረጥኩለት፤ ጠርዙን በስቱኮ አጣበቅሁ፣ ክዳንም ገጠምኩ። ኩራቴ ከፍ ያለ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ በላብ ተጨፍኖ ውስጡ አይታይም። አየር የለውም ለካ! ክዳኑን አውልቄ በወንፊት ለወጥኩት።

"ይኼ የኔ ወንፊት አይደለም?" አለች ባለቤቴ፣ እንግዳው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሣጥኑ ተጠግታ።

"ያረጀው ነው።"

"ያረጀ ወንፊት የለኝም!"

ቀጥሎ አምፖል ከላይ ሰቀልኩለት፤ ብርሃኑን ሸሽቶ ማዕዘን ውስጥ ተጣበቀ። ሙቀት እንጂ ብርሃን እንደማይወድ ያን ጊዜ ገባኝ። አምፖሉን የወተት ጣሳ ውስጥ አድርጌ ከሣጥኑ በአንደኛው ጫፍ ሥር አኖርኩት። ከላይ አሸዋና ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በሌላው ጫፍ መደበቂያ የሚሆነው የእንስራ ስባሪ፣ ውሃው በቆርኪ። ሲበርደው ድንጋዩ ላይ፣ ሲሞቀው ስባሪው ሥር ይሄዳል። ቀን ይተኛል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ወጥቶ ዓይኑን በምላሱ ይልሳል። ልጄ ለዚህ ምላስ ስትል የቤት ሥራዋን በጊዜ መጨረስ ጀመረች። እኔ በቁጣ ለዓመታት ያላመጣሁትን እሱ በምላስ አመጣው።

ለልጄም ደንብ አወጣሁ። ፌንጣውን ራሷ ትይዛለች፤ የእሱን ሳታቀርብ እሷ እራት አትቀርብም፤ ከነካችው እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ጅራቱ ግን አይያዝም፤ የነጋዴው ሹፌር እንደነገረን ከተያዘ ጥሎት ይሄዳል። ያ ወፍራም ጅራት እንደ በግ ላት የክፉ ቀን ስንቁ ነው። ልጄ ደንቡን አንድም ቀን አላጓደለችም። ችግሩም ከዚሁ መጣ፤ ያልኳትን ሁሉ ትሰማለች።

የነነዌ ጾም ገባ። ልጄ ገበታ ላይ ፊቷን ወደ ሽሮው አጨማደደች። እኔ ደግሞ ስብከት የምወድ ሰው ነኝ፤ የነነዌን ታሪክ አመጣሁባት። የሀገሩ ሰው ሁሉ ሲጾም እንስሳቱም አብረው እንደጾሙ፣ ጥጃው እንኳ ጡት እንደተከለከለ፣ ጾምም ማንንም እንደማይገድል ነገርኳት።

"ላም ከጾመች አንቺ ምን ሆነሻል?" አልኳት።

ሽሮዋን ጠርጋ በላች። ገብቷታል ብዬ ደስ አለኝ። ገብቷት ነበር!

ሁዳዴ ተይዞ ጥቂት ከቆየ በኋላ አንድ ምሽት ሣጥኑን ሳይ የእንግዳው ጅራት ጠውልጓል። የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። አሸዋው ላይ የደረቀ ምስርና ፍርፋሪ ዳቦ ተቀምጧል።

"ፌንጣ ጠፋ እንዴ?" አልኳት።

"አልሰጠሁትም። ጾም ነው።"

"ምን?"

"ነነዌን ጾመ። ከዚያ ጥቂት ቀን በላ። አሁን ሁዳዴ ነው።" ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። "ምስር ሰጠሁት፣ አልበላም። ሽሮም ሰጥቼዋለሁ።"

"ልጄ፣ እንስሳ አይጾምም።"

"የነነዌ ላሞችስ?"

ከጓዳ የባለቤቴ ሳቅ ተሰማ። "መልስላት እንጂ!" አለች።

ያ ልዩ ጊዜ ነበር ብል 'ታዲያ ለምን ነገርከኝ' ትለኛለች። ተረት ነው እንዳልል አላምንበትም። "ቢሞትስ?" አልኳት በመጨረሻ።

"ጾም አይገድልም ያልከው አንተ ነህ" አለችና ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። እንዲሞት አትፈልግም፤ በእሷ እጅ ጾም እንዲሽርም አትፈልግም። ሁለቱን ተሸክማ ስንት ቀን እንደሰነበተች እግዜር ይወቅ።

ማዘዝ እችል ነበር፤ ብቆጣ ትሰጠዋለች። ነገር ግን ልጅ ዛሬ ከእምነቷ በላይ ቁጣዬን ከፈራች፣ ነገ የማንንም ቁጣ ፈርታ የማታምንበትን ታደርጋለች። ይህን ዛሬም ለአባቶች ሁሉ እናገራለሁ። ያን ምሽት ግን ይህ አቋሜ እንሽላሊቱን አላጠገበውም።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ከኋላ ካለው የጎመን መደብ ገባሁ። ልጄን እስካሳምን ቢያንስ ምግቡ ይዘጋጅ ብዬ ነው። በበጋ ፌንጣ እንደ ልብ አይገኝም። ባርኔጣዬን አውልቄ እያሳደድኩ ሳለ ነጋዴው ከአጥር በላይ ብቅ አለ።

"ምነው ወንድሜ! በሁዳዴ?"

ሁሉንም ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ "ልጅቷን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እኔ ላካት" አለኝ። አልላክኋትም፤ ይዣት ሄድኩ። ጆንያ ላይ አስቀመጣት።

"ይህ እንግዳችሁ በማን ሰሊጥ መጣ?" አላት።

"በእርስዎ።"

"ስለዚህ የማን ቤት ሰው ነው?"

ወደ እኔ አየች።

"የእርስዎ" አለች ቀስ ብላ።

"ሸጋ! የኔ ቤት ሰው ሁዳዴን አይጾምም። የእኛ ጾም ገና ነው።"

በቀላሉ የምትረታ ልጅ አይደለችም፤ የእኔ ልጅ ናት። ትንሽ አሰበችና "አባባ የያዘውን ይበላል? ክርስቲያን የያዘው ይሆንለታል?" አለች። እኛ አገር ክርስቲያን የሙስሊምን፣ ሙስሊም የክርስቲያንን ዕርድ እንደማይበላ ታውቃለች።

ነጋዴው ፊቱን አኮሳተረ። "ፌንጣ አይታረድም የኔ ልጅ። ማንም ቢይዘው ይሆናል።"

"ረመዳን ሲገባስ?"

"ቀን ይበላል?"

"አይ፣ ቀን ይተኛል። ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚበላው።"

"አየሽ!" አለ እጁን እያጨበጨበ። "ከእኔ የተሻለ ሙስሊም ነው። እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስለ ሳምቡሳ ሳስብ ነው የምውለው!"

ልጄ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ያን ምሽት ፌንጣ ብንሰጠውም አልነካም። ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ውሃ አፍልታ በጠርሙስ ሞላችና በጨርቅ ጠቅልላ ድንጋዩ አጠገብ አኖረችው። ነጠላዋ ከአፍንጫዋ ወርዶ ነበር። ልጄ "በጣም ዘግይተን ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት ስለማልወድ "አላውቅም" አልኳት።

በሁለተኛው ምሽት ሽሮ ከበን ተቀምጠን ሳለን ከሣጥኑ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማን። ስንዞር የፌንጣው እግር ከአፉ ወጥቶ ይወራጫል። ልጄ ጎርሳ የነበረውን ሳትውጥ ጮኸች።

"እንግዲህ በዚህ ቤት ፍስክ የሚበላው እሱ ብቻ ነው" አለች ባለቤቴ።

ለፋሲካ ጅራቱ ሞላ። መኪናው ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ መተማ ተመላለሰ፤ እንግዳው ይሂድ የሚል ግን ከቤታችን ጠፋ።

ጥቅምት ላይ ረመዳን ገባ። ልጄ ቃሏን የምታከብር ናትና የመስጊዱ አዛን ሳይሰማ ፌንጣ አይገባም የሚል ደንብ አወጣች። የልጅ ነገር ብዬ ተውኳት። አንድ ምሽት ከእናቷ ጋር ፀዳ ከተማ ያለች አክስቷ ዘንድ ሄዳ ማብላቱ ለእኔ ቀረ። ፌንጣው በጣሳ፣ እኔ በርጩማ ላይ። እንግዳው ከስባሪው ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ ያየኛል። ቤቱ ውስጥ የሚያየኝ ሌላ ሰው የለም፤ ወንፊቱን ገለጥ አድርጌ ጥዬለት ወደ ጉዳዬ መሄድ እችል ነበር።

"ትንሽ ታገሥ" አልኩት። መስኮቱን ከፍቼ አዛኑን መጠበቅ ጀመርኩ።