ከጸሎቱ በፊት አንድ ጥያቄ

ልጅቷ ዓርብ ዕለት፣ ብቻዬን ደብተር ሳርም ክፍል ገባችና የሒሳብ መጽሐፏን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ቲቸር፣ መጽሐፍ ልመልስ ነው።"

መጽሐፍ የሚመለሰው ሰኔ ላይ ነው፤ ያኔ ገና ጥር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሚኒስትሪ ትፈተናለች ብዬ የምጠብቃት ጎበዝ ልጅ። ምን ሆነሽ ነው ስላት አንገቷን ደፋች።

"ልሄድ ነው። ግን ለማንም እንዳታወሪ ተብያለሁ።"

"ማነው እንዳታወሪ ያለሽ?"

"ወንድም።"

በእኛ ቤተክርስቲያን ሁሉም ሰው ወንድም ነው። እንዲህ ባዶውን "ወንድም" ሲባል ግን ማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ኪቦርዱን የገዛልን፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ያመጣልን፣ በየጊዜው መድረክ ላይ እየወጣ "ጌታ ለእገሊት በር ከፈተላት" እያለ የሚመሰክረው ሰውዬ ነው። ሴት ልጆችን ወደ ዐረብ አገር ይልካል። ደላላ ያለው ሰው ካለ ይቀየማል፤ "እኔ አገልጋይ ነኝ" ይላል። አይ አገልግሎት!

እኔ ቱላ አካባቢ አስተምራለሁ፣ እሁድ ደግሞ እዚያው ሰፈር ባለችው ቤተክርስቲያናችን በጸሎት ቡድን አገለግላለሁ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በዚህ ነገር ግን አፌ ባያርፍ ማንም አይፍረድብኝ።

እኛ ጋ ሩቅ የሚሄድ ሰው ሳይጸለይለት አይሄድም። እሁድ ከስብከቱ በኋላ ይጠራና ከፊት ይቆማል፤ ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ይጭኑበታል፣ ምእመናኑም ካሉበት እጃቸውን ይዘረጋሉ። መልካም ልማድ ነው። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅም፣ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ በሽተኛም እንዲሁ ተሸኝቷል። ይህ ሰውዬ ታዲያ ይህን ልማዳችንን ለራሱ ንግድ ማኅተም አደረገው። የሚያመነታ አባት ቢያጋጥመው "ቤተክርስቲያን እኮ ነው የምትጸልይላት" ይለዋል። አባትየውም አመነ ማለት ነው።

የዚችን ልጅ ታላቅ እህትም እንዲሁ ጸልየን ነበር የሸኘናት። ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ትደውል ነበር፣ ቆይታ ቆይታ መደወል ቀነሰች፣ በኋላ ጭራሽ ስልኩም ጠፋ። እናቷ በየእሁዱ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ብድግ ብላ "ድምጿ ለጠፋ ልጄ" ትላለች። እንጸልያለን። ወንድም ደግሞ ከፊተኛው ወንበር፣ ከሁላችን አስበልጦ፣ "አሜን!" ይላል። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

"ለምንድነው የምትሄጂው?" አልኳት።

"እህቴን ልፈልጋት።"

ጌታ ሆይ! የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

"ያለችበትን ከተማ ወንድም ያውቀዋል፤ ለእኔም እዚያው ነው ሥራ ያገኘልኝ። አገኛትና አብረን እንመለሳለን።"

"በአውሮፕላን ነው የምትሄጂው?"

"አይ፣ ማክሰኞ በመኪና እስከ ሞያሌ። ከዚያ ሰዎች ይቀበሉኛል።"

"ዐረብ አገር በሞያሌ ነው እንዴ የሚኬደው?"

"አቋራጭ ነው ብሎኛል።"

መታወቂያ እንዳላት ጠየቅኳት። አውጥታ አሳየችኝ፣ ሃያ አንድ ዓመት ይላል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው! ለምን እንዳታወራ እንደተነገራት ስጠይቃት፣ "ጠላት ሰይጣን ከሰማ መንገዱን ያደናቅፋል" አለችኝ። አያችሁልኝ? የራሱን ምስጢር በሰይጣን አስጠበቀው። መጽሐፉን መልሼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤቷ ላክኋት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷን ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ቆጮ ትቸረችራለች። ልጅቷ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ቀና አለች።

"አንቺ፣ ልጅ ጠፍታብሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እኔ ጠፍታብኛለች። ቀበሌ ሄድኩ፣ 'በየት በኩል ወጣች?' አሉኝ። እኔ በየት አውቃለሁ? ያለችበትን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እሱን አስቀይሜ በማን በኩል ልፈልጋት?"

"እህቴ፣ አንዷን ወስዶ ያጠፋ ሰው ሌላዋን መልሶ ያመጣልሻል?"

"ነገ እኮ ፓስተር ይጸልይላታል" አለችኝ። "ክፉ ነገር ቢሆን ፓስተር ይጸልይ ነበር?"

ሞኝ ሴት አይደለችም፣ ልቧ የተሰበረ እናት ናት፤ ሰውዬውም የያዛት በዚሁ ነው። ሰው የሚነግድ ሲባል ለብዙዎቻችን ፊቱን የሸፈነ ሽፍታ ይመስለናል። የምን ሽፍታ! መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ እናቲቱን "እማዬ" እያለ ነው የሚመጣው። ልጅቱን በግድ አይጎትታትም፤ እሷው ራሷ ቦርሳዋን አንግታ እንድትመጣለት ያደርጋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ለእነዚህ ልጆች ግን ሳሩን ያሳየነው እኛ ነን፣ ያውም በጉባኤ ፊት።

ከገበያው በባጃጅ በቀጥታ ፓስተሩ ጋ ሄድኩ። ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ስብከቱም መልካም። የእሁዱን ስብከት እያዘጋጀ ነበር።

"እህታችን" አለኝ፣ "እኛ የምናየው መንፈሳዊውን ነው። ሥጋዊውን ቤተሰቡ ያውቃል። በወንድም ላይ ያለ ማስረጃ መናገር ደግሞ ሐሜት ይሆናል።"

ሐሜት! ቡና ላይ ስለ ሰው ትዳር ያወራሁ አስመሰለው እኮ!

"ፓስተር፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሃያ አንድ ናት ማለት ሥጋዊ ነው መንፈሳዊ?"

የስብከቱን ወረቀት አጠፈና "እጸልይበታለሁ" አለኝ። እኛ ጋ "እጸልይበታለሁ" አንዳንዴ የእውነት ጸሎት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ "በቃሽ፣ ሂጂልኝ" ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳልለይ ወጣሁ።

እሁድ ስብከቱ አለቀና ልጅቷ ተጠራች። ነጭ ሻርፕ አድርጋለች፤ የእህቷ ሻርፕ ነበር። እናቷ ከጎኗ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ከበቧት፣ ወንድምም ከነሱ ጋር እጁን ሊጭን ከወንበሩ ተነሣ። የኪቦርዱ ልጅ ለጸሎት የሚሆን ለስላሳ ዜማ ጀመረ። ፓስተሩ "እጃችሁን ዘርጉ" ሲል እኔ እጄን ሳልዘረጋ ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩ።

"ፓስተር፣ ይቅርታ። ከጸሎቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ።"

አንዱ ሽማግሌ "እህታችን፣ ሥርዓት!" አለኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩና ወደ ሰውዬው ዞርኩ።

"ወንድሜ፣ የዚች ልጅ ታላቅ እህት የት ናት?"

ፈገግ አለ። "ጌታ ያውቃል፣ እህቴ።"

"ጌታማ ያውቃል! እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው። በየትኛው ከተማ፣ በማን ቤት?"

"ይህ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ጠላት…"

"ጠላትን ተወው! ጠላት ሰምቶ ካበቃ ቆየ። እናቷ ትስማ።"

የኪቦርዱ ዜማ ቆመ። ሰዉ ያጉተመትማል፣ ከኋላ አንዷ "ኧረ አስወጧት!" አለች። ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ፣ ቁጣም መጣበት። ቁጣ ደግሞ ሰውን ያናግራል።

"እኔ ምን አውቃለሁ!" ብሎ ጮኸ። "እኔ የማውቀው እስከ ሞያሌ ነው! ከዚያ ወዲያ የሚረከቡት ሌሎች ናቸው!"

እናቲቱ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። መጀመሪያ በቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረች።

"ከተማዋን አውቃለሁ አላልከኝም? እህቷ ያለችበት አስገባታለሁ አላልከኝም?"

ሰውዬው የጎን በሩን ማየት ጀመረ። እናቲቱ የልጇን ክንድ ይዛ በወንበሮቹ መሀል ወጣች። ሰውዬውም በጎን በር ወጣ፤ ማንም አላስቆመውም። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዘን አንድ ሰው እንኳ "ቆይ እስቲ" አላለውም፤ እኔም ጭምር።

ሽማግሌዎቹ ከአምልኮው በኋላ ጠሩኝ። ሰውዬውን ሊጠይቁ እንዳይመስላችሁ! እኔን ሊገሥጹ ነው። ጉባኤ በጠበጥሽ፣ የቤተክርስቲያንን ገበና አደባባይ አወጣሽ፣ ነገሩ በውስጥ ሊያልቅ ይችል ነበር። ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

"በውስጥ ምኑ ነው የሚያልቀው?" አልኳቸው። "ልጅቷ ናት የምታልቀው! እስከ ዛሬ ስንቷን ሸኘን? አንዷን እንኳ ማን ይወስድሻል፣ ውልሽ የታለ፣ ስትደርሺ ለማን ትደውያለሽ ብለን ጠይቀናል? ለሠርግ እኮ ሙሽራው ማነው፣ የማን ልጅ ነው ብለን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን! ልጅ ዐረብ አገር ስትሄድ ግን እጅ ጭነን አሜን። ጸልዩ፣ ጸሎት አልጠላሁም። ግን ጠይቃችሁ ጸልዩ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው መንገድ ከሆነ ደግሞ በዚያው መድረክ ላይ 'ይህች ልጅ አትሄድም' በሉ። እናቷ እንደሆነ ሰውዬውን ሳይሆን እናንተን ነው ያመነችው።"

አንዱ ሽማግሌ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ፣ እናቲቱ ናት። አልተቀመጠችም።

"ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ" አለች። "ብቻዬን ብሄድ 'አንቺ ምን ታውቂያለሽ' ይሉኛል። ከእናንተ አብሮኝ የሚሄድ አለ?"

አንዱ ሽማግሌ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሌላው "እንጸልይበትና…" ሊል ሲል ፓስተሩ ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ። "ለታላቋ የጸለይኩላት እኔ ነኝ።"

ሰኞ ጠዋት አራት ሆነን ሄድን፤ እናቲቱ፣ ልጅቷ፣ ፓስተሩና እኔ። የሰውዬው ስልክ ከእሁድ ከሰዓት ጀምሮ ዝግ ነበር። ፖሊሱ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ሁሉን ከሥር ከሥር ይጽፋል። እናቲቱ ስለ ታላቋ ልጅ ስትናገር እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጣት። እሷ ትገኝ አትገኝ እንደማያውቅ ሳይደብቅ ነገራት፤ ውሸት አልጨመረባትም፣ ለዚህም አመሰገንኩት። ከዚያ ወደ ታናሿ ዞረ።

"አንቺ ደግሞ" አላት፣ "ዕድሜሽን ሲዋሽ እያየሽ፣ በሞያሌ ነው የምትሄጂው ሲልሽ፣ ይህን ሰውዬ እንዴት አመንሽው?"

ልጅቷ ቀና አለች። ፓስተሩን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ክፍል ውስጥ የምታውቀው ጥያቄ ሲመጣላት እንደምትመልሰው ነው የመለሰችው።

"እህቴን ሲጸልዩላት እኔ ከፊት ተቀምጬ ነበር" አለች። "ሁሉም ሰው አሜን አለ።"

ፖሊሱ ይህንንም ጻፈ።