በቴሌቪዥን የተጻፈ ኩርፊያ

እትዬ ዓለምፀሐይ ድሮ ሲያኮርፉ አፋቸውን ዘግተው ቴሌቪዥኑን ይከፍቱ ነበር። ይህን ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ባለቤታቸው ጋሽ ለይኩን ታክሲ በሚነዱበት ዘመን፣ ኮምፒውተር ቤት ማስገባት ብርቅ በነበረ ጊዜ፣ መላ አካሉ አንድ ኪቦርድ የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ ኮምፒውተር ገዝተው ገቡ። ሰው ምኑን ወደደለት ትሉ ይሆናል። ቴሌቪዥን ዕድሜ ልኩን ሲለፈልፍብን ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ያልነውን አለ! ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ጋሽ ለይኩን የገዙት ጌም ሊጫወቱበት ነበር። መመሪያውን አንብበው የጨረሱት ግን እትዬ ናቸው። ሲጣሉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉና፣ ከሥሩ "ወደ መጀመሪያው ተመለስ" የሚል ትእዛዝ ይጨምሩበታል፤ ማሽኑም ያንኑ መስመር ሳያቋርጥ ይደጋግመዋል። ጋሽ ለይኩን ከሥራ ሲገቡ "ቆሻሻውን ሳትጥል ወጣህ" የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ይግተለተልባቸዋል። ይግባኝ የለ!

የዘንድሮው ዝምታ ግን ኩርፊያ አይደለም። ስትሮክ አንደበታቸውንና ቀኝ እጃቸውን ከያዘባቸው ወዲህ ትንፍሽ አላሉም። ልጃቸው ራኬብ ነርሲንግ ሆም የሚሉትን የሕሙማን መጦሪያ አግኝታላቸዋለች፤ ሰኞ ልትወስዳቸው ነው።

"አባዬ፣ እማዬ እኮ አታውቀንም። እንድትጽፍበት የሰጠኋትን ታብሌት እንኳ ወረወረችው" አለች፣ እዚያው እናቷ ፊት።

"ታውቃለች!" ብለው ጮኹ ጋሽ ለይኩን። ይጩሁ እንጂ እሳቸውም ተጠራጥረዋል። እውነት ባታውቅስ?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያንን ኪቦርድ ከቁም ሳጥን አናት ላይ አወረዱ። የዚያ ዘመን ዕቃ ክፉ ነው፤ ከግድግዳው መብራት የሚያቀብለው የመብራት ሳጥኑ ካረጀ ማሽኑን ይዞት ይሞታል። ሌላ ደግሞ የላቸውም። በስመ አብ ብለው ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር ሰኩት። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

"አባዬ፣ ንቀለው!"

"ዝም በይ!"

ስክሪኑ እንደ ድሮው ሰማያዊ ሆኖ በራ።

ኪቦርዱን እትዬ ጭን ላይ አኖሩት። እትዬ ዞር ብለው አላዩትም። ጋሽ ለይኩን ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አሉ።

"ዓለሜ፣ በሞቴ፣ እንደ ድሮው ስደቢኝ።"

ሽታው ባሰ። ያን ጊዜ የእትዬ ግራ እጅ ተነሣ። አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ቆዩ፤ ሌላ ተጫኑ። ማሽኑ "ስህተት" አላቸው። ራኬብ "አየህ አባዬ" ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ ገላመጧት። አቤት አገላመጥ! ከዚያ እንደገና ጀመሩ። ጋሽ ለይኩን ዐይናቸውን ከመብራት ሳጥኑ ላይ አልነቀሉም፤ ትንሽ ታገስ እያሉ ይለምኑታል።

እትዬ ያችን "ተመለስ" የምትለዋን ሁለተኛ መስመር ጨርሰው የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፦

አልሄድም
አልሄድም
አልሄድም

ራኬብ እናቷ እግር ሥር ዘፍ አለች።

"እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ወር ስትሰሚን ነበር?"

እትዬ ዓለምፀሐይ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።