ሳቂታዋ ዜማ ስትመለስ

አስረው ያስገቡን የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ፍሬው ቀርቷል፤ ስንተኛ ጀርባችን ላይ ይለጠፋል። የያዙኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም መጠየቁን ተውኩት። የመተማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ቋ ቋ ያደርገዋል።

እኔ ፒያኖ የተማርኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሙዚቃ አጥንቼ፣ ቆላ ወርጄ ሥነ ዜጋ የማስተምር። እዚያ መጋዘን ውስጥ የቀረኝ ነገር ይኸው እውቀቴ ብቻ ነበር። እሱንም ሐኪሙ ወሰደብኝ።

ሐኪሙ ከገለጉ ከተማ ያመጡት እስረኛ ነው። ልጅ ሳለ አንዲት ጎረቤታቸው ፒያኖ አስተምረውታል። ከሰዓት ሙቀቱ ሲያዳክመን ጀሪካን ገልብጦ በጣቱ እየመታ ሶናታ የሚባል የአንድ ፒያኖ ድርሰት የመጀመሪያ ክፍል ያንጎራጉርልናል፤ ያስረዳናል።

"ሁለት ዜማ አለ" ይላል። "አንዱ ኮስታራ ነው፤ ከገዛ ቤቱ ይነሳል። ሁለተኛዋ ሳቂታ ናት፤ ከሌላ ቤት ትነሳለች። መሀል ላይ ሁለቱም ቆላ ይወርዳሉ፤ ወባ ይይዛቸዋል፤ ይሰባበራሉ። ኋላ ተመልሰው ሁለቱም ኮስታራው ቤት ይገባሉ።"

ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱት የቀን ሠራተኞች አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በበሩ ስንጥቅ ነፋስ የሚገባበትን ቦታቸውን ለቀቁለት። እኔ ስለ ቶናሊቲ፣ ዜማ ስለሚነሳበት ቤት፣ ላስረዳቸው ስጀምር እኮ አንዱ አንኮራፍቶብኛል። ቅናት አንገበገበኝ።

አንድ ቀን "ሳቂታዋም እንደሳቀች ገባች" ብሎ ጨረሰ። ተሳስቷል። ያ ክፍል የተጻፈው በማይነር፣ በሐዘን ቅኝት ነው። ሁለተኛዋ ዜማ መጀመሪያ በሜጀር፣ በደስታ ቅኝት ትመጣለች፤ ስትመለስ ግን የኮስታራው ቤት ማይነር ይይዛታል። ያችው ዜማ ናት፣ ሳቋ ግን የለም። ደስ አለኝ። ነገ በሰው ፊት አርመዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፈተ። "ሐኪሙ፣ ልብስህን ይዘህ ውጣ።"

ጀሪካኑን ወደኔ ገፋ አድርጎ ወጣ። አልተመለሰም።

ከሰዓት ሽማግሌው ገበሬ ወደኔ ዞሩ። "እስቲ መምህር፣ አንተም ይኸን ተምሬያለሁ ብለኸን ነበር። ያች ሳቂታ እውነት እንደሳቀች ገባች? ነገሩ አልዋጥልኝ ብሏል።"

ስመኘው የነበረው ቦታ ይኸው ተለቀቀልኝ። ጀሪካኑን ሳብኩ።

"አይ አባባ፣ ስትመለስ እንዲህ ናት" ብዬ ዜማዋን ዝቅ አድርጌ አሰማኋቸው። "ሐኪሙ ዛሬ ሊነግራችሁ ያቆየው ይኸን ነው።"



"እንዲያ በለኛ" አሉ ሽማግሌው። "ቆላ ወርዶ እንደ አወራረዱ የተመለሰ ማን አለ።"

ከተፈታሁ ወዲህ እዚያው አስተምራለሁ። ሐኪሙን የት እንዳደረሱት የሚያውቅ አላገኘሁም። በቀደም ኮኪት ከተማ ላይ ሽማግሌው ሰሊጣቸውን መኪና ላይ ሲያስጭኑ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ያችን ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ።

"የሐኪሙ ዜማ" አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሰው በጠፋ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ቢሆንም አላረምኳቸውም፤ ቆሜ ሰማኋቸው። መጨረሻው ላይ፣ ሳቂታዋ ቤት ስትገባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ያች የኔ ናት።