ለዓይኔ የሚሆን ሐኪም ፍለጋ፦ ከቱላ እስከ ታቦር

ንጋት፣ ቱላ

ፀሐይ ሳትበረታ መውጣት የዕድሜ ልክ ልማዴ ነው። አልቢኒዝም ይዞ የተወለደ ሰው ከፀሐይ ጋር የሚኖረው በስምምነት ነው፤ እርሷ ስትበረታ እኔ እጠለላለሁ። ዛሬም ሰፊውን ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዜን ለብሼ ከቤቴ የወጣሁት ወፎች ገና ሲንጫጩ ነው።

በዚህ ጋዜጣ ከጻፍሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዝም ያልሁት የምለው አጥቼ ሳይሆን ፊደል እየራቀኝ ስለ ሄደ ነው፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርሁም። አሁን ግን የወንድሜ ልጅ ሰላማዊት ልታገባ ነው። «ጋሼ፣ በሰርጌ ቀን የእግዚአብሔርን ቃል የሚያነቡልኝ እርስዎ ነዎት» ብላኛለች። መልሴን የምትጠብቀው ዛሬ ማታ ነው።

አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ ፊቴን አየና «ሄሎ ሚስተር! ሐይቅ? ዓሣ?» አለ። በሲዳምኛ እንዴት አደርክ፣ እናትህስ ደህና ናት ወይ ስለው መሪውን ለቆ ሳቀ።

«ውይ ጋሼ፣ የእኛ ሰው ነዎት እንዴ? በዶላር ላስከፍልዎት ነበር እኮ!»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እንደ አጎቴ። ትንሽ ብቻ እጨምራለሁ።»

የእንሰት ጓሮዎች፣ የብሎኬት ክምሮች፣ ያልተጨረሱ ፎቆች፣ ሙዝ የተሸከመ ጋሪ። ከሩቅ ያለውን አላይም፤ ሾፌሩ ግን ሳልጠይቀው እየነገረኝ ሄደ።

ረፋድ፣ መሀል ከተማ

የመጀመሪያው ማረፊያዬ መነጽር ቤት ነበር። ትሑቱ ባለሙያ አንድ ዓይኔን ሸፈነና «አንገትዎን ቀና ያድርጉ አባቴ» አለኝ። ዓይኖቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ግራና ቀኝ ይዋልላሉ፤ አንዱ ሲሸፈን ሌላው ይብስበታል። በሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደላት ዘፈን እንደ ሰሙ ሁሉ ተወዛወዙ። መምህሮቼም፣ ፎቶ አንሺዎችም፣ ቀና በል ያላለኝ የለም፤ እኔም እታዘዛለሁ።

«መነጽር ከዚህ በላይ አይረዳዎትም፤ ምናልባት የዓይን ሞራ ይሆናል፤ ቀዶ ሐኪም ይይዎት» ብሎ አሰናበተኝ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ዘንድ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ በመሣሪያዋ ዓይኔን ረጋ ብላ መረመረች።

«ሞራ የለብዎትም። ግፊቱም ደህና ነው። የእኔ ቢላ ለእርስዎ ሥራ የለውም።»

«ታዲያ የማን ነኝ፣ ዶክተር?»

ሳቀች። «የእኔም ነዎት፤ በየጊዜው ይምጡ፣ የሚታመም ነገር ካለ እኔ አየዋለሁ። የማንበቡ ጉዳይ ግን በዝቅተኛ እይታ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በሽታ አይፈልግም፤ ያለዎትን እይታ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ያሳይዎታል። ታቦር ላይ አንዲት አለች።»

ቀትር፣ አሞራ ገደል

ፀሐይዋ በረታች፤ እኔም ወደ ሐይቁ ዳር ጥላ። ትኩስ የዓሣ ጥብስ፣ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር። የዓሣ ቤቱ ባለቤት «አጥንቱን ላውጣልዎት?» አለችኝ። ጣቶቼ ከዓይኔ ይበልጣሉ አልኋት። «እንግዲያው ለሌላውም ያውጡልን» ብላ በዙሪያዬ ያሉትን አሳቀች። ዓሣ የለመዱት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ግን ሳቁን ትተው ሳህኔን ተመለከቱ።

ከሰዓት፣ ታቦር

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ባለሙያዋ ሰናይት ትባላለች። ሰሌዳ ከማሳየቷ በፊት ጠየቀችኝ፦

«ቤትዎ ሲያነቡ እንዴት ነው የሚቀመጡት?»

በዚህ ዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። አፈርሁ፤ ቢሆንም ፊቴን ወደ ቀኝ አዞርሁና መጽሐፉን በግራዬ እንደምይዝ አሳየኋት።

«እንደዚያው ይቆዩ።»

«አንገቴን ላቃና?»

«ለምን? ዓይንዎ ጸጥ የሚለው በዚያ በኩል ነው። ካረፈበት ለምን እናስነሣዋለን?»

ሁለቱም ዓይኖቼ ክፍት ሆኑ። ብርሃን የሚያለዝብ ቢጫ መነጽር አደረገችልኝ፣ መብራት ያለበት ማጉያ በወረቀት ላይ አኖረች። ፊደላቱ ቆሙ። ከጋዜጣ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦ «በታቦር አካባቢ ነገ ውኃ እንደማይኖር እናሳውቃለን።»

«ይህንንስ ባያነቡት ይሻል ነበር» አለች ሰናይት።

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄን ቶሎ አቁሜ ወደሚቀጥለው መስመር ተመለስሁ።

«ሩቅ ያለ ፊት በዚህ አይታይዎትም፤ አላታልልዎትም» አለችኝ።

«ሩቅ ያለው ይቆየኝ» አልኋት።

ምሽት፣ ቱላ

ሰላማዊት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ምን አሉዎት?»

«በሰርጉ ቀን የማነብበትን አትሮንስ የት ልታቆሙት ነው?»

«መሀል ላይ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ለቪዲዮ ያምራል ብለው።»

«መስኮቱን ከጀርባዬ አድርጉልኝ። አትሮንሱንም ትንሽ ወደ ግራዬ።»

ነገሩ ሲገባት እጄን ያዘች። ጥቂት ቆይታ ግን እንደ ሙሽራ አሰበች፦ «ቪዲዮ አንሺው አንገትዎን ቀና ያድርጉ ይልዎታል እኮ።»

«ካሜራውን ያዙራ!» አልኋት።